ቢጫዋ ጄሪካን የት ገባች? ኮሮና ያስለመደን ነገር ለምን ለቀቀን፣ የቀረውስ ለምን ቀረ

በ2012 መጋቢት መጨረሻ ላይ የኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ አንዲት ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጄሪካን ገዛ። ከታች ተበሳችና ቧንቧ ተገጠመላት። መግቢያው በር ላይ፣ አንድ እግሩ በሚወላገድ አሮጌ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሳሙናው እንዳይሰረቅ በሽንኩርት ከረጢት ቁራጭ ተጠቅልሎ በሲባጎ ታሰረ። ጥበቃችን ጋሼ ያልታጠበ ሰው አያስገቡም ነበር። አንድ ቀን የኮሚቴውን ሰብሳቢ ራሱን ከበር መልሰውታል። "ሕጉን ያወጣኸው አንተ አይደለህ እንዴ? ታጠብ!"

አንድ ዓመት ሳይሞላ ቧንቧዋ ተሰበረ። አንድ ሰሞን "ይሠራል" ተባለ። ከዚያ ወንበሩን አንድ ሰው ወሰደው። ጄሪካኗም ቀዳዳዋ በጨርቅ ተወትፎ፣ ውሃ ለሚጠፋበት ቀን መጠባበቂያ ሆና የጥበቃ ቤት ገባች። ልብ በሉ፣ "ከዛሬ ጀምሮ መታጠብ ቀርቷል" ያለ ማንም የለም። ስብሰባም አልተጠራም። ቧንቧዋ ተበላሸች፣ መታጠቡም አብሯት ሄደ።

ኮሮና እንደገባ ሰሞን "ከእንግዲህ እንደ ድሮው አንኖርም" ያላለ ሰው አልነበረም። እኔም ብያለሁ። የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጋቢት 30 ለአምስት ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እንደ ጣሊያን ወይም እንደ ሕንድ በር አልተቆለፈብንም። የዕለት ጉርሱን በዕለቱ ወጥቶ የሚያመጣ ሰው በበዛበት ከተማ ያ የሚሆን አልነበረም። የቤት ኑሯችን ግን ተገለባብጧል። ስልክ ስንደውል ከጥሪው በፊት "እጅ ታጠቡ" የሚል ምክር ይቀበለን ነበር። የያኔዋ የጤና ሚኒስትር የዶክተር ሊያ ታደሰ የዕለት ቁጥር ሳይወጣ የማይተኛ ዘመድ ነበረኝ።

ዛሬ ያ ሁሉ ልማድ የት አለ? ቀላሉ መልስ "የእኛ ሰው ቶሎ ይረሳል" የሚለው ነው። ይህን መልስ አልወደውም። ከረሳን ሁሉንም በረሳን ነበር። አንዳንዱ እኮ እስካሁን አብሮን አለ። ጥያቄው ይሄኛው ቀርቶ ያኛው ለምን ሄደ ነው።

ከፈንዲሻ ልጀምር። ዌንዲ ውድ የሚባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ልማድን ለብዙ ዓመት አጥንተዋል። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት አንድ ጥናት ሲኒማ ቤት ለገቡ ሰዎች ፈንዲሻ አደሉ። ለአንዳንዱ ትኩስ፣ ለአንዳንዱ ሳምንት ያደረ። ሲኒማ እያዩ ፈንዲሻ መቆርጠም የለመዱት ሰዎች ያደረውንም ከትኩሱ እኩል በሉት። ጣዕሙን ሲጠየቁ ጥሩ አልነበረም ብለዋል። እጃቸው ግን አላቆመም። ያው ያደረ ፈንዲሻ በስብሰባ ክፍል ውስጥ ሲታደል ገፉት። የተለወጠው ቦታው ብቻ ነው።

እኛ ይህን በቡና እናውቀዋለን። ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ረከቦቱ ሲቀርብ፣ አሁን ከምሳ የተነሣ ሰው ሳይቀር እጁን ወደ ፈንዲሻው ይሰዳል። ርቦት አይደለም። ዙሪያው ነው የጠራው። ልማድ የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። በጭንቅላታችን ውስጥ ከምንወስነው ይልቅ አካባቢያችን ባለ ቀስቃሽ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ቀስቃሹ ሲነሣ ልማዱ የሚይዘው ያጣል።

አሁን እጅ መታጠብን በዚህ መነጽር እንየው። "ኮሮና እጅ መታጠብ አስተማረን" ሲባል እናቴ ትስቃለች። እውነቷን ነው። እሷ ቤት እጁን ሳይታጠብ ወደ ገበታ የሚጠጋ ሰው የለም። እኛም ጆግና ሳፋ ይዘን፣ ፎጣውን ትከሻችን ላይ ጣል አድርገን፣ እንግዳ ስናስታጥብ ነው ያደግነው። ውሃ ካፈሰስን ቁጣ፣ በደንብ ካስታጠብን "እደግ፣ እደጊ" የሚል ምርቃት። የዚህ ልማድ ቀስቃሽ እንጀራው ነው። ገበታው ሲቀርብ እጅ ራሱ ውሃ ይፈልጋል።

ኮሮና የጠየቀን ግን ሌላ ነገር ነበር። ከውጭ ስትገባ ታጠብ፣ ከታክሲ ስትወርድ ታጠብ፣ ብር ስትነካ ታጠብ። ለዚህ ከጥንት የተዘጋጀ ቀስቃሽ አልነበረንም። ስለዚህ ጄሪካን ተከልን። ጋሼን አቆምን። ሁለቱ ከበሩ ሲነሡ በሩ እንደ ድሮው ተራ በር ሆነ፣ እኛም እንደ ድሮው አልፈን ገባን።

የውሃ ጉዳይም አለ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ አብረው በሚያወጡት መረጃ መሠረት፣ ወረርሽኙ በገባበት ሰሞን ውሃና ሳሙና ያለው መታጠቢያ በቤቱ የነበረው ኢትዮጵያዊ ከ10 አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። አዲስ አበባም ብትሆን ውሃ በፈረቃ ነው። ሦስት ቀን ጠፍቶ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የሚመጣ ውሃ ያለው ቤት፣ በጄሪካን ያጠራቀመውን ለእጅ ወይስ ለወጥ ያውለው? ይህን ስንፍና የሚል ሰው ሌሊት ተነሥቶ ባልዲ ደርድሮ አያውቅም።

"ሰው አንድን ነገር 21 ቀን ከደጋገመው ልማድ ይሆናል" ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ማን እንደጀመረው እንጃ፣ በየማነቃቂያ ንግግሩ አለ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጇ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ነገሩን በሰው ላይ ሞክረውታል። 96 በጎ ፈቃደኞች አንዳንድ ትንሽ ነገር መረጡ። ለምሳሌ ከምሳ ጋር አንድ ብርጭቆ ውሃ መጠጣት። ለ12 ሳምንት በየቀኑ እያደረጉ መዘገቡ። ሳያስቡት እስኪያደርጉት ድረስ በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። የፈጠነው በ18 ቀን ለመደ። የዘገየው ግን እስከ 254 ቀን ሊፈጅበት እንደሚችል ተሰልቷል።

እንግዲህ እናስላው። የአስቸኳይ ጊዜው አምስት ወር ነበር፣ 150 ቀን ገደማ። በቀን ቆጠራ ቢሆን በክርን ሰላም መባባል እስከ ዛሬ መዝለቅ ነበረበት። ያውም ሕግ ነበረው። በ2013 መጀመሪያ የወጣው መመሪያ ቁጥር 30 በእጅ መጨባበጥን ከልክሎ፣ በሰውና በሰው መካከል ሁለት የአዋቂ እርምጃ ይኑር ብሎ ነበር። ፍርሃት ነበር፣ ሕግ ነበር፣ ድግግሞሽ ነበር። ሆኖም ክርኑ በነነ።

ለምን? ሰላምታ የአንድ ሰው ልማድ ስላልሆነ ነው። እጅ ብቻህን ትታጠባለህ። ብቻህን ግን ሰላም አትልም። አንዱ ክርኑን ሲያወጣ ሌላው እጁን ከዘረጋ፣ ባለ ክርኑ ነው የሚያፍረው። እኔ የተሸነፍኩበትን ቀን አልረሳውም። ከታች የሚኖሩት ጎረቤታችን ባለቤታቸው አርፈው ለቅሶ ሄድኩ። ማስክ አድርጌያለሁ። በር ላይ ቆሜ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ። ሴትዮዋ ከፍራሹ ተነሥተው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መጡ። እንግዲህ ምን ላድርግ? ክርን ልስጣቸው? አቅፌ አለቀስኩ። ማስኩ በእንባና በንፍጥ ራሰ። ስወጣ ጣልኩት። ከዚያ ቀን በኋላ ለማንም ክርን ሰጥቼ አላውቅም።

ይሉኝታ የምንለው ነገር እዚህ ላይ ከሕግ በላይ ሠርቷል። ማስክ ላይም እንዲሁ። አንድ ሰሞን ያላደረገውን ሰው ታክሲ ውስጥ እናፈጥበት ነበር። ቀስ እያለ ነገሩ ዞረና ያደረገውን ማፍጠጥ ጀመርን። "ምነው፣ አመመህ እንዴ?" መባል ሲመጣ ሰዉ ወደ ኪሱ ከተተው፣ ከዚያ ወደ መሳቢያ።

ያው ይሉኝታ ሌላ ቦታ የተገላቢጦሽ መሥራቱ ነው የሚገርመኝ። ሆንግ ኮንግ በ2003 እ.ኤ.አ. ሳርስ የሚባል በሽታ ገብቶባት ወደ 300 የሚጠጋ ሰው ገድሏል። በሽታው በወራት ውስጥ ቢጠፋም ማስኩ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ጉንፋን የያዘው ሰው ባቡር ሲሳፈር ማስክ ማድረጉ የጨዋ ሰው ወግ ሆኖ ቀረ። እዚያ ማስኩ "ፈርቻችኋለሁ" ማለቱን ትቶ "አስቤላችኋለሁ" ማለት ጀመረ። ትርጉሙን ስለለወጠ ቆየ። የእኛው ትርጉም ሳይለውጥ ፍርሃት እንደሆነ ቀረ፣ ፍርሃቱ ሲያልቅ እሱም አለቀ።

ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ዋጋቸው ሰማይ የነካበትን ሳምንት ታስታውሱታላችሁ። ፌጦ እንደ ወርቅ ተፈልጓል። በባሕር ዛፍ ቅጠል ያልታጠነ ቤትም ያለ አይመስለኝም። ይህ እስካሁን አለ፣ ግን ለኮሮና የሚሰጥ ውለታ አይደለም። ጉንፋን ሲይዘን እናቶቻችን ከጥንትም በብርድ ልብስ ሸፍነው ያጥኑን ነበር። ወረርሽኙ የራሳችንን ተውሶ መለሰልን።

የስልክ ክፍያንም እንዲሁ ለኮሮና የሚሰጡ አሉ። ብር መንካት አስፈርቶን ነበር፣ ልክ ነው። ቴሌብር የመጣው ግን በግንቦት 2013 ነው፣ ሰዉ ብሩን ያለ ስጋት መቁጠር ከጀመረ ከብዙ ጊዜ በኋላ። ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አለኝ ይላል፤ ያ ሁሉ ሰው የገባው ቫይረስ ፈርቶ አይመስለኝም። ነዳጅ በስልክ ክፈሉ ሲባል፣ ሱቁም ዝርዝር የለኝም ሲል ነው የለመድነው።

ቤቴ ውስጥ በእርግጥ ከኮሮና የቀረ ነገር ልንገራችሁ። ጫማ ነው። ያኔ ጫማ ቫይረስ ያስገባል ተብሎ በር ላይ የብረት መደርደሪያ ገዛን። ድሮ እኛ ቤት ከነጫማ ነበር የሚገባው። ብዙ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቀድሞውንም በር ላይ ያወልቁ ነበር። አሁን ስለ ቫይረስ የሚያስብ የለም፣ ጫማው ግን ይወልቃል። ሁለት ነገር ስለሆነ ነው። አንደኛ መደርደሪያው አሁንም እዚያው በሩ ላይ ተገትሯል፣ ሳታወልቅ ለማለፍ ብትሞክር ጉልበትህን ይመታሃል። ሁለተኛ ምንጣፉ አይቆሽሽም፣ በክረምት ጭቃ የለም። ፍርሃቱ ሲሄድ ሌላ ጥቅም ቦታውን ያዘ። ጄሪካኗና መደርደሪያው በአንድ ሳምንት የተገዙ ናቸው። አንደኛዋ በየቀኑ ውሃ የሚቀዳላት ሰው ትፈልግ ነበር። ሁለተኛው ምንም አይፈልግም።

ልጄ ደግሞ አለች። ኮሮና ሲገባ አራት ዓመቷ ነበር። ከውጭ ስትገባ ዛሬም ቀጥታ ወደ ቧንቧ ነው። ማንም አይነግራትም። ለእሷ ይህ አዲስ ልማድ ሆኖ አያውቅም፣ ከዚያ በፊት ሌላ አገባብ አታውቅምና። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳልታጠብ የገባሁበት በር አለኝ። አዲስ ልማድ አሮጌውን አያጠፋውም፣ ላዩ ላይ ነው የሚተኛው። የላይኛው ሲነሣ አሮጌው እንደነበረ ይገኛል።

ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ መምህራን የቤት ሥራ በቴሌግራም መላክ ጀመሩ። ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፣ ግሩፑ አልተዘጋም። ማታ በሦስት ሰዓት "ነገ ባለ ቀለም ወረቀት ይዛችሁ ኑ" የሚል መልእክት ይመጣል። የትኛው ወላጅ ነው በዚያ ሰዓት ወረቀት የሚያገኘው? ይህን ልማድ ብጠላውም ለምን እንደቆየ ይገባኛል። ለትምህርት ቤቱ ቀላል ነው፣ ወጪ የለውም፣ ከግሩፑ የወጣ ወላጅ ደግሞ ጉድ ይሆናል። ማዕድ ማጋራትም ያኔ በሚያዝያ 2012 አካባቢ የቸገረውን እንዳንረሳ ተብሎ ነው የተስፋፋው። እሱም እስካሁን አለ። በየበዓሉ ላይ ስለተሰቀለ ነው። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ራሱ ያስታውሳል፣ ካሜራም አይጠፋም።

ከቤት መሥራት እዚህ ብዙ አልቆየም። የእኛ ሥራ ፊርማና ማህተም ነው፣ ማህተሙ ደግሞ ቢሮ ነው የሚያድረው። አሜሪካ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከወረርሽኙ በፊት ከ10 የሥራ ቀን አንዱ እንኳ ከቤት አይሠራም ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. ከአራት የሥራ ቀን አንዱ ገደማ ከቤት ሆኖ ቀረ። ሰዎቹ ክፍል አስተካክለዋል፣ ከከተማ ርቀው ቤት ገዝተዋል፣ ጠዋት መንገድ ላይ የሚያልቀው ሰዓት ለልጅ ተመድቧል። ልማዱ ግድግዳ ገባ። ዲሲ አካባቢ ያሉ ዘመዶቻችን ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ ቅዳሴውን በዩቲዩብ ማስተላለፍ ጀምረው ነበር። አሁን ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶም ስርጭቱ ይቀጥላል። አክስቴ ቨርጂኒያ ላይ የተነሣውን የልጅ ልጇን ክርስትና አዲስ አበባ ተቀምጣ ነው ያየችው፣ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ስልኩን የስኳር ዕቃ ላይ አስደግፋ። ካሜራው የሚቆየው ለእሷ ነው።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ስንት እጁ ይቀራል? ለንደን ውስጥ አንድ ደስ የሚል ምሳሌ አለ። በየካቲት 2014 እ.ኤ.አ. የምድር ባቡር ሠራተኞች ለሁለት ቀን ሥራ አቁመው የተወሰኑ ጣቢያዎች ተዘጉ። ሰዉ በግድ ሌላ መንገድ ሞከረ። ተመራማሪዎች የጉዞ ካርዶችን መዝገብ ሲያዩ፣ አድማው አልቆ ጣቢያዎቹ ሲከፈቱ ከ20 ተጓዥ አንዱ ገደማ በአዲሱ መንገድ ቀጥሏል። ለዓመታት ሲመላለስ ከቀድሞው የሚሻል መንገድ እንዳለ አያውቅም ነበር። የቀሩት 19 ግን ወደ ለመዱት ተመለሱ። የኮሮናውም ነገር ከዚህ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። ብዙው ተመለሰ፣ ጥቂቱ መደርደሪያ አግኝቶ ቀረ።

አሁን ወደምወደው ምሳሌ ልምጣ። ከኮሮና በፊት አንድ ትልቅ ወረርሽኝ አልፎብናል። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር፣ ዓለም የስፔን ጉንፋን የሚለው፣ እኛ "የኅዳር በሽታ" የምንለው። አዲስ አበባ ውስጥ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው ሞቷል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው በመከራ ነው የዳኑት። ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠሉን፣ "ኅዳር ሲታጠን" የምንለውን፣ ብዙ ሰው የሚያያይዘው ከዚያ በሽታ ጋር ነው። ከዚያም በፊት ነበር የሚሉ አሉ።

ቆም ብላችሁ አስቡት። ጉንፋን በቆሻሻ ጭስ አይሞትም። ጭሱ እንዲያውም ሳንባ ይጎዳል፣ የጤና ባለሙያዎችም አታቃጥሉ ይላሉ። በወረርሽኝ ዘመን ካደረግናቸው ነገሮች ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀው ግን እሱ ነው። እጅ መታጠቡ፣ የሚጠቅመው፣ ሁለት ዓመት አልቆየም። የልማድ ዕድሜ ከጥቅሙ ጋር አይሄድም ማለት ነው። ኅዳር ሲታጠን ቀን አለው፣ ያውም የሚካኤል ዕለት፣ የማይረሳ። ሰፈሩ ሁሉ አብሮ ያደርገዋል። ልጆች ይወዱታል፣ እሳት ነዋ። ውሃ አያስፈልገውም፣ በጀት አያስፈልገውም፣ ቤት ጽዳት ደግሞ ለብቻው ጥቅም ነው።

ባለፈው ኅዳር 12 ማታ ከብሎካችን ጀርባ ካርቶንና ደረቅ ቅጠል ተቆለለ። ጋሼ ክብሪቱን ለኮሱ። ልጄ ጭሱን በእጇ እያባረረች ጠየቀቻቸው።

"ጋሼ፣ ለምንድን ነው የምናቃጥለው?"

"ድሮ ክፉ በሽታ ገብቶ ነበር።"

"ኮሮና?"

"የሱ አያት።"

እሳቱ ወደ ቆርቆሮው አጥር እንዳይዛመት ብለው አጠገባቸው ውሃ የሞላ ጄሪካን አቁመዋል። ቢጫ ነው። የቧንቧዋ ቀዳዳ ላይ የተወተፈው ጨርቅ ጠብ፣ ጠብ ይላል።